አጋዥ ፕሮቲኖችን በኮምፒውተር መቅረጽ፦ ሞዴሉ የሚይዘውና የሚተወው

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

የዛሬው ንግግሬ ሌሎች ፕሮቲኖች ትክክለኛ ቅርጻቸውን እንዲይዙ ስለሚያግዙና በሳይንሱ ዓለም ቻፐሮን ተብለው ስለሚጠሩ ፕሮቲኖች ነው፤ በተለይም እነዚህን ፕሮቲኖች በኮምፒውተር ለመቅረጽ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ የተደረገው ጥረት ምን እንዳስተማረንና የቱ ላይ እንደቆመ ለማሳየት እሞክራለሁ። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ ሁሉንም አልዳስስም። በአብዛኛው ግሮኢኤል ከተባለው የባክቴሪያ ቻፐሮን ጋር እቆያለሁ፤ ምክንያቱም በርካታ ተመራማሪዎች ስለ አንድ ማሽን የተለያዩ ሞዴሎች ሠርተው ለረጅም ጊዜ የተሟገቱበት፣ ቤተ ሙከራውም በመካከል ገብቶ የመሰከረበት እንደ እርሱ ያለ ምሳሌ ጥቂት ነው። የምሟገትለት ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ የኮምፒውተር ሞዴል ዋጋ የሚለካው በያዘው ዝርዝር ብዛት አይደለም፤ ሆን ብሎ የተወውን ነገር በግልጽ በማሳወቁና ቤተ ሙከራ ሊያፈርሰው የሚችል ትንበያ በመስጠቱ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

ከመሠረቱ ልነሣ። ራይቦዞም የተባለው የሴል ክፍል ከዘረመል የተገለበጠውን መመሪያ እያነበበ ሃያ ዓይነት አሚኖ አሲዶችን አንዱን ከሌላው ያያይዛል፤ ከዚያም ረጅም ሰንሰለት ይወጣል። ይህ ሰንሰለት እንደተዘረጋ ቢቀር አብዛኛውን ጊዜ ለምንም አይረባም። ሥራውን የሚሠራው በልዩ ሁኔታ ተጣጥፎ የራሱን ባለ ሦስት አውታር ቅርጽ ሲይዝ ነው፤ ውሃ የሚሸሹት አሚኖ አሲዶች ወደ ውስጥ ይከተታሉ፣ ውሃ የሚወዱት ደግሞ በውጭው ገጽ ላይ ይቀራሉ። ይህ ሥርዓት ሲፈርስ ምን እንደሚከተል ለማየት ከማእድ ቤት መውጣት አያስፈልግም፦ እንቁላል ሲቀቀል ነጩ የሚረጋው፣ በሙቀቱ ቅርጻቸው የፈረሰ ፕሮቲኖች ውስጣቸው ተገልጦ እርስ በርስ ስለሚጣበቁ ነው። እንቁላሉ ቢቀዘቅዝም ነጩ ወደ ፈሳሽነቱ አይመለስም።

ሆኖም የፈረሰ ፕሮቲን ሁሉ እንደፈረሰ አይቀርም። አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ክርስቲያን አንፊንሰን ከከብት ቆሽት በሚገኝ ራይቦኑክሊዬዝ በተባለ ኤንዛይም ላይ ያደረጉት ሙከራ ይህን በማያወላውል መንገድ አሳይቷል። ኤንዛይሙ 124 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ከእነዚህ ውስጥ ስምንቱ ድኝ የያዙ ሲስቲኖች ሲሆኑ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ በአራት የድኝ ትስስር ይያያዛሉ። አንፊንሰን ኤንዛይሙን በዩሪያ ቅርጹን አፈረሱት፣ መርካፕቶኢታኖል በተባለ ኬሚካል ደግሞ ትስስሮቹን በጠሱ፤ በዚህ ጊዜ ኤንዛይሙ መሥራት አቆመ። ሁለቱን ኬሚካሎች አስወግደው ለአየር ሲያጋልጡት ግን ማንም ሳያግዘው ወደ ሥራው ተመለሰ። የሙከራው ጥልቀት በሚቀጥለው እርምጃ ላይ ነው። ዩሪያው ሳይወገድ ትስስሮቹ እንደገና እንዲፈጠሩ ሲደረግ፣ ሲስቲኖቹ ሊጣመሩ ከሚችሉባቸው 105 መንገዶች መካከል በዘፈቀደ ስለሚጣመሩ፣ የተገኘው ኤንዛይም ከቀድሞ ችሎታው አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ነበረው። ዩሪያው ተወግዶ ጥቂት መርካፕቶኢታኖል ሲጨመርበት ደግሞ የተሳሳቱት ትስስሮች ቀስ በቀስ እየተፈቱ በትክክለኛው ቦታ ተተኩ። ስለዚህ ቅርጹን የሚወስነው መመሪያ በራሱ በአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ውስጥ አለ ማለት ነው። አንፊንሰን በ1972 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የተጋሩት ለዚህ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ነገር ልጨምር፦ በሙከራ ቱቦ ውስጥ ቅርጹ ለመመለስ ሰዓታት መፍጀቱ አንፊንሰንን አላረካቸውም፤ በ1963 ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ሂደት የሚያፋጥን ነገር ከአይጥ ጉበት ማግኘታቸውን አሳተሙ። ፕሮቲን ብቻውን እንደሚታጠፍ ያስተማሩን ሰው፣ አጋዥ ፍለጋ ከጀመሩትም መካከል ነበሩ።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው የአሜሪካዊው የሞለኪውል ባዮሎጂ ሊቅ የሳይረስ ሌቪንታል ጥያቄ ነው። መቶ አሚኖ አሲዶች ያሉት ሰንሰለት፣ እያንዳንዱ ሦስት አቀማመጥ ብቻ ቢኖረው፣ የሚይዛቸው ቅርጾች ብዛት 5 ተጽፎ ከኋላው 47 ዜሮ የሚከተልበት ቁጥር ይሆናል፤ ሁሉንም አንድ በአንድ እየሞከረ የሚታጠፍ ቢሆን የአጽናፈ ዓለም ዕድሜ አይበቃውም። ፕሮቲኖች ግን በማይክሮሰከንዶች፣ ቢዘገዩ በደቂቃዎች ይታጠፋሉ። መንገድ አላቸው ማለት ነው። ሞዴል ሠሪዎች እስከ ዛሬ የሚያሳድዱት ያንን መንገድ ነው።

የሙከራ ቱቦ ንጹሕና ሰፊ ነው፤ ሴል ግን እንዲህ አይደለም። በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ በአንድ ሊትር 300 ግራምና ከዚያ በላይ ፕሮቲንና አርኤንኤ ታጭቋል። ገና ያልታጠፈ ሰንሰለት በዚህ ግፊያ መካከል ውሃ የሚሸሹ ክፍሎቹን ገልጦ ሲቆይ ከመሰሉ ጋር መጣበቁ የማይቀር ነው። ሴል ለዚህ መላ እንዳለው የጠቆመው የመጀመሪያ ፍንጭ የመጣው ከሙቀት ነው፦ ጣሊያናዊው ፌሩቾ ሪቶሳ በ1962፣ የፍራፍሬ ዝንብ እጭ ሙቀት ሲጨመርበት በምራቅ እጢው ክሮሞዞሞች ላይ አዳዲስ እብጠቶች እንደሚታዩ ዘገቡ። እብጠቶቹ በችግር ጊዜ የሚነቁ ጂኖች ነበሩ፤ ከእነዚህ ጂኖች የሚመረቱት ፕሮቲኖች ብዙዎቹ ቻፐሮኖች መሆናቸው የታወቀው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ1989 አርተር ሆርዊችና ፍራንዝ ኡልሪክ ሃርትል ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ በእርሾ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ የግሮኢኤል ዘመድ የሆነው ኤችኤስፒ60 የተባለው ፕሮቲን ሲበላሽ ከውጭ የሚገቡት ፕሮቲኖች መታጠፍ እንደሚያቅታቸው አሳዩ። በዚያው ዓመት ፒየር ጎሉቢኖፍ፣ ጆርጅ ሎሪመርና ባልደረቦቻቸው የፈረሰውን ሩቢስኮ፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚይዘውን የፎቶሲንተሲስ ኤንዛይም፣ በግሮኢኤል፣ አጋሩ በሆነው በግሮኢኤስና ለሴል ኃይል በሚያቀብለው ኤቲፒ በተባለው ሞለኪውል እርዳታ በሙከራ ቱቦ ውስጥ ወደ ቅርጹ መለሱት።

አሁን ማሽኑን ቀረብ ብለን እንየው። ግሮኢኤል አንድ ዓይነት በሆኑ 14 ክፍሎች የተሠራ ነው፤ ሰባት ሰባት ሆነው ሁለት ቀለበት ይሠራሉ፣ ቀለበቶቹም ጀርባ ለጀርባ ተጋጥመው መሐሉ ባዶ የሆነ በርሜል ይፈጥራሉ። ግሮኢኤስ ደግሞ ሰባት ትናንሽ ክፍሎች ያሉት ክዳን ነው። እያንዳንዱ የግሮኢኤል ክፍል በተራው ሦስት አካል አለው፦ ሁለቱ ቀለበቶች የሚገናኙበትና ኤቲፒ የሚቀመጥበት የወገብ አካል፣ በአፉ በኩል ያለው የላይኛው አካል፣ እና ሁለቱን የሚያገናኘው ትንሹ መካከለኛ አካል። ክዳን በሌለበት ጊዜ የላይኛው አካል ውሃ የሚሸሽ ገጽታ ወደ ውስጥ ስለሚያዞር፣ ያልታጠፈ ፕሮቲን ሲመጣ ይጣበቅበታል። በአንዱ ቀለበት ላይ ሰባት የኤቲፒ ሞለኪውሎች ሲቀመጡ ነገሩ ይለወጣል። መካከለኛው አካል 25 ዲግሪ ያህል ወደ ታች ይወርዳል፤ ክዳኑ ሲገጠም የላይኛው አካል 60 ዲግሪ ወደ ላይ ይነሣና 90 ዲግሪ ይጠመዘዛል። ውሃ የሚሸሸው ገጽታ በዚህ መጠማዘዝ ከፕሮቲኑ ፊት ይወሰዳል፣ ግድግዳው ውሃ ወዳድና በአሉታዊ ቻርጅ የተሞላ ይሆናል፣ በበርሜሉ ውስጥ ያለው ባዶ ጓዳ መጠንም እጥፍ ያህል ይሰፋል። ፕሮቲኑ ከግድግዳው ተላቅቆ በተዘጋው ጓዳ ውስጥ ብቻውን ይቀራል። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ፣ ብዙ ጊዜ አሥር ሰከንድ ገደማ ይባላል፣ ኤቲፒው ይሰበራል፤ ከተቃራኒው ቀለበት ምልክት ሲመጣ ክዳኑ ይከፈታል፤ ፕሮቲኑም ታጠፈም አልታጠፈም ይወጣል። ይህን ሁሉ ያወቅነው በዋነኛነት በ1994 እና በ1997 ከታተሙት፣ ፖል ሲግለርና ሆርዊች ከባልደረቦቻቸው ጋር ከሠሯቸው የክሪስታል ምስሎች ነው። ምስሎቹ ግን የመነሻና የመድረሻ ምስሎች ናቸው፤ በመካከል ያለውን ጉዞ አያሳዩም። ኮምፒውተር የተፈለገውም ለዚሁ ነው።

ቀጥተኛው መንገድ እያንዳንዱን አቶም በኮምፒውተር ውስጥ አስቀምጦ፣ በመካከላቸው ያለውን ኃይል አስልቶ፣ በኒውተን ሕግ መሠረት እያንቀሳቀሱ መከተል ነው። ችግሩ ሰዓቱ ነው። የአቶሞች ንዝረት እጅግ ፈጣን ስለሆነ ስሌቱ በአንድ እርምጃ ሊራመድ የሚችለው ሁለት ፌምቶሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 500 ትሪሊዮን እንዲህ ያሉ እርምጃዎች አሉ። በ1977 ማካሞን፣ ጌሊንና ካርፕለስ 58 አሚኖ አሲዶች ያሉትን አንድ ትንሽ ፕሮቲን ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ዘዴ ሲያንቀሳቅሱ የሸፈኑት ጊዜ አሥር ፒኮሰከንድ፣ ማለትም ከሰከንድ ትሪሊዮን ክፍል አሥሩን፣ እንኳ አይሞላም ነበር። በ2010 አንተን የተባለው፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራው የዲ. ኢ. ሾው የምርምር ተቋም ኮምፒውተር ያንኑ ፕሮቲን ለአንድ ሚሊሰከንድ ተከተለው፤ በ33 ዓመት ውስጥ ከመቶ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ዕድገት ማለት ነው። ይህም ሆኖ ግሮኢኤል በክፍሎቹ ብዛት ከ7,600 በላይ አሚኖ አሲዶች የያዘ ግዙፍ ነገር ነው፣ የሥራው ዙርም በሰከንዶች ይቆጠራል። ይህን የሚያክል ሥርዓት በቀን አንድ ማይክሮሰከንድ የሚያስኬድ ኮምፒውተር ቢሰጠን እንኳ፣ የአንድ አሥር ሰከንድ ዙር ለመጨረስ ከ27,000 ዓመት በላይ እንጠብቃለን። ስለዚህ የግሮኢኤል ሞዴል ሠሪ የሆነ ነገር ሳይተው መሥራት አይችልም። ምን መተው እንዳለበት መምረጡ የሥራው ግማሽ ነው፤ እኔ እንዲያውም ከግማሽ በላይ ነው እላለሁ።

ማርቲን ካርፕለስና ጂያንፔንግ ማ ከሲግለር ቡድን ጋር ሆነው በ2000 ባሳተሙት ሥራ የተዉት ነገር ጊዜን ነው። አቶሞቹን ሁሉ ይዘው፣ ማሽኑ ከታወቀው የመነሻ ቅርጽ ወደ ታወቀው የመድረሻ ቅርጽ እንዲሄድ በሰው ሠራሽ ኃይል ገፉት። መግፋቱ ሂደቱን ከእውነተኛው እጅግ ያፋጥነዋል፤ ስለዚህ ስለ ፍጥነቱ ምንም ማለት አይቻልም። ስለ ቅደም ተከተሉ ግን ቁም ነገር ተገኝቷል፦ ሁሉንም የሚያስጀምረው የትንሹ መካከለኛ አካል መውረድ ነው፤ የአንዱ ክፍል መካከለኛ አካል ሲወርድ ጎረቤቱ እንደነበረ ሊቆይ ስለማይችል፣ ሰባቱም አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ይህ ሐሳብ ከእስራኤሉ ዋይዝማን ተቋም አምኖን ሆሮቪትስ በሙከራ ካሳዩት ጋር ይገጥማል፤ እርሳቸው ኤቲፒ በአንዱ ቀለበት ውስጥ በመተባበር እንደሚቀመጥ፣ ሁለተኛውን ቀለበት ግን እንደሚከለክል አስቀድመው ለክተው ነበር። በሌላ ወገን ቻንግቦንግ ሂዮን፣ ሎሪመርና ዴቭ ቲሩማላይ በ2006 የተዉት አቶሞቹን ነው። እያንዳንዱን አሚኖ አሲድ በአንድ ዶቃ ወክለው፣ ማሽኑ ሳይጎተት የራሱን መንገድ እንዲያገኝ ለቀቁት፤ ለውጡ የሚካሄደው አሉታዊና አዎንታዊ ቻርጅ ባላቸው አሚኖ አሲዶች መካከል ያሉ ትስስሮች በተራ እየተበጠሱ ሌሎች ሲተኩላቸው እንደሆነም አዩ። የትኛው ትስስር እንደሆነ በስሙ ስለጠቀሱ፣ ያንን አሚኖ አሲድ በሌላ ቀይሮ መሞከር ይቻላል። ሁለቱ ቡድኖች የተዉት ነገር ፈጽሞ የተለያየ ነው። የሁለቱም ውጤት ግን በቤተ ሙከራ ሊጠየቅ የሚችል ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ማሽኑ ነው። ክርክሩ የጦፈው በውስጡ ያለው ፕሮቲን ምን ይሆናል በሚለው ላይ ነው። አንደኛው ወገን ጓዳው ከጥበቃ ሌላ ምንም አያደርግም ይላል፤ ፕሮቲኑን ከመሰሎቹ ለይቶ ስለሚያስቀምጠው ብቻ በአንፊንሰን ሕግ መሠረት ራሱ ይታጠፋል። ሁለተኛው ወገን ጓዳው ራሱ ያፋጥናል ይላል፦ ጠባብ ቦታ ሰንሰለቱ ከመጠን በላይ እንዳይዘረጋ ስለሚከለክለው ሊሳሳት የሚችልባቸው መንገዶች ይቀንሳሉ። ሾጂ ታካዳና ባልደረቦቻቸው በጃፓን፣ ጆአን ኤማ ሺይና ባልደረቦቻቸው በካሊፎርኒያ በ2003 እና በ2004 በቀላል የዶቃ ሞዴሎች ይህን መረመሩ። በእርግጥም መጠበብ ብዙ ጊዜ መታጠፍን እንደሚያፋጥን፣ ግን የጓዳውና የፕሮቲኑ መጠን መመጣጠን እንዳለበት አገኙ። የሺይ ቡድን ግድግዳው ጥቂት የሚያጣብቅ ሲሆን አዲስና ፈጣን መንገድ እንደሚከፈት ጭምር አሳየ፤ ማጣበቁ ሲበዛ ግን ፕሮቲኑ ታስሮ ይቀራል።

ሦስተኛው ሐሳብ ለእኔ ከሁሉም የሚያስደስተኝ ነው። ቶድ፣ ሎሪመርና ቲሩማላይ በ1996 ያቀረቡት ሲሆን፣ ዋናው ቁም ነገር ጓዳው ሳይሆን የማሽኑ መደጋገም ነው ይላል። ተሳስቶ የታጠፈ ፕሮቲን ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፤ ኤቲፒው ማሽኑን ሲያንቀሳቅሰው የተሳሳተው ቅርጽ በከፊል ይፈታል፤ ፕሮቲኑ ሌላ ዕድል ያገኛል። በዚህ ዕድል ጥቂቱ ብቻ ይሳካለታል፣ የቀረው በሌላ ዙር ይመለሳል። ሞዴሉ በአንድ መስመር ሊጻፍ የሚችል ሒሳብ ነው። ለምሳሌ ያህል በእያንዳንዱ ዙር ከቀሩት ሞለኪውሎች አምስት በመቶው ብቻ በትክክል ቢታጠፉ፣ ከ14 ዙር በኋላ ግማሽ ያህሉ፣ ከ60 ዙር በኋላ ደግሞ 95 በመቶው ተጣጥፎ ይገኛል። 60 ዙር በሰባት ኤቲፒ ሲባዛ 420 ኤቲፒ ይሆናል። ብክነት ይመስላል፤ ነገር ግን ራይቦዞም 400 አሚኖ አሲዶች ያሉትን ፕሮቲን ለመሥራት ለእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ከአራት ያላነሰ ኤቲፒ የሚመጣጠን ኃይል፣ በድምሩ ከ1,600 በላይ ያወጣል። አንድ ጊዜ የተሠራውን ከመጣል ደጋግሞ ማረም ለሴሉ ይረክሳል። ይህ ሞዴል ማሽኑ በፈጠነ መጠን የሚሳካው ፕሮቲን ይበዛል ብሎ ስለሚተነብይ፣ ሐሰት ከሆነ ሐሰትነቱ ይታወቃል።

ከሦስቱ አንዱን ከመምረጤ በፊት ስለ ውሃ ላንሣ። የዶቃ ሞዴሎቹ ሁሉ ውሃን ትተዋል፤ ውጤቱን በእኩልታዎቻቸው ውስጥ አካተው ሞለኪውሎቹን ግን አስወጥተዋል። በ2007 ከቪጃይ ፓንዴ የስታንፎርድ ቡድን ሉሰንት፣ ቪሻልና ፓንዴ አንዲት ትንሽ ፕሮቲን በጠባብ ቱቦ ውስጥ፣ የውሃ ሞለኪውሎቹን አንድ በአንድ አስገብተው መረመሩ። ፕሮቲኑ ብቻ ሲጠብበትና ውሃው ነጻ ሲሆን ውጤቱ እንደ ቀድሞዎቹ ሞዴሎች ሆነ። ውሃውም አብሮ ሲጠብበት ግን ነገሩ ተገለበጠ፦ የታጠፈው ቅርጽ መረጋጋቱን አጣ። አንድ የተተወ ነገር ወደ ቦታው ሲመለስ የመልሱን መጠን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫውን ቀየረው። ለተማሪዎቼ ይህን ሥራ ደጋግሜ አነሣለሁ። በርግጥ እዚያ የተጠናችው ፕሮቲን እጅግ ትንሽ ስትሆን ቱቦውም የግሮኢኤል ጓዳ አይደለም፤ ስለዚህ የቀድሞዎቹን ሞዴሎች ይሽራል ማለት አይደለም። የትኛው ግምት በጥርጣሬ መታየት እንዳለበት ግን ጣቱን ቀስሮ አሳይቷል።

ቤተ ሙከራውስ ምን አለ? መልሱ የተከፋፈለ ነው። አንድ ቀለበት ብቻ እንዲኖረው ተደርጎ የተቀየረ ግሮኢኤል አለ፤ ክዳኑን የሚያስከፍተው ምልክት ከሌላው ቀለበት ስለሚመጣ፣ ይህ ክዳኑን አንዴ ከዘጋ አይከፍትም። ሩቢስኮና ሮዳኒዝ የተባሉት ፕሮቲኖች ግን በዚህ በማይከፈት ጓዳ ውስጥ ታጥፈዋል። ይህ መደጋገም ለሁሉም ፕሮቲን የግድ ነው የሚለውን አቋም የሚፈታተን ነው። ጓዳው ያፋጥናል ወይስ ይጠብቃል ብቻ በሚለው ላይ ደግሞ፣ በ1989 አብረው የሠሩትና በ2011 የላስከር ሽልማትን የተጋሩት ሃርትልና ሆርዊች ራሳቸው ተለያዩ። የሃርትል ቡድን ተቀይሮ የተሠራ አንድ የማልቶዝ ተሸካሚ ፕሮቲን በጓዳው ውስጥ ከነጻው ፈሳሽ ይልቅ በፍጥነት እንደሚታጠፍ በ2006 ዘገበ። የሆርዊች ቡድን በበኩሉ በነጻው ፈሳሽ ውስጥ የሚታየው መዘግየት ፕሮቲኖቹ እርስ በርስ ስለሚጣበቁ ነው፣ ይህ ከተከለከለ ፍጥነቱ እኩል ነው ብሎ ተከራከረ። እኔ እንደማየው ጥያቄው ለሁሉም ፕሮቲን አንድ መልስ መፈለጉ ነበር ስሕተቱ። የታካዳም ሆነ የሺይ ሞዴሎች ከመጀመሪያው ይናገሩ የነበሩት መልሱ በፕሮቲኑ መጠንና በመንገዱ ላይ እንደሚመሠረት ነው፤ ተከራካሪዎቹ ያንን ክፍል በቂ ትኩረት አልሰጡትም።

ስለ ሌሎቹ ቻፐሮኖች ብዙ አልልም፤ ኤችኤስፒ70ን ግን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። ፓውሎ ዴ ሎስ ሪዮስ፣ ጎሉቢኖፍና ባልደረቦቻቸው በ2006 ያቀረቡት ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ግዙፉ ኤችኤስፒ70 እንደ ማይቶኮንድሪያ ያለ የሴል ክፍልን ሽፋን አልፎ በመግባት ላይ ባለ የፕሮቲን ሰንሰለት ላይ ከሽፋኑ አጠገብ ሲጣበቅ፣ ሽፋኑ ስለሚከለክለው የመንቀሳቀሻ ቦታው ይጠብበታል፤ ከሽፋኑ በራቀ ቁጥር ነጻነቱ ስለሚጨምር ሰንሰለቱን አብሮ ይጎትታል። የሚጎትት ክንድ ሳይኖር የሚጎትት ኃይል አለ ማለት ነው። በ2018 ደግሞ እነዚሁ ሊቃውንት አንድም አቶም፣ አንድም ዶቃ የሌለበት ሞዴል አሳተሙ፤ ያለው የታጠፈ፣ የተሳሳተና የተፈታ ፕሮቲን የሚሉ ጥቂት ሁኔታዎች፣ በመካከላቸው ያለው ፍጥነትና የኤቲፒ ፍጆታ ብቻ ነው። ሞዴሉ ቻፐሮኖች ኤቲፒ እስከቀረበላቸው ድረስ አንድን ፕሮቲን በራሱ ሊቆይበት በማይችለው የታጠፈ ቅርጽ ላይ ሊያቆዩት እንደሚችሉ ተነበየ። ሙከራውም ይህንኑ አሳየ፦ ማሌት ዲሃይድሮጅኔዝ የተባለው ኤንዛይም በ37 ዲግሪ ሴልሲየስ ብቻውን ሥራውን ቀስ በቀስ ያጣል፤ ቻፐሮንና ኤቲፒ ሲኖሩ ግን እየሠራ ይቆያል፣ ኤቲፒው ሲያልቅ ተመልሶ ይወድቃል። የአንፊንሰን ሙከራ የፕሮቲን መድረሻ በራሱ ቅደም ተከተል ብቻ ይወሰናል ብሎን ነበር፤ እዚህ ግን መድረሻውን የሚወስነው ሴሉ የሚያወጣው ኃይል ጭምር ነው። ከጠቀስኳቸው ሞዴሎች ሁሉ ብዙ የተወው ይህ ነው፣ መሠረታዊውን ነገር የነካውም እርሱ ነው።

በመጨረሻ ሁላችሁም ልትጠይቁኝ የምታስቡትን ጥያቄ ላንሣ፤ የፕሮቲንን ቅርጽ ከአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል የሚተነብየው አልፋፎልድ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ይህን ሁሉ አልፈታውም ወይ? በ2020 በተካሄደው የቅርጽ ትንበያ ውድድር ያስመዘገበው ውጤት አስደናቂ ነበር፤ ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር የ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከዴቪድ ቤከር ጋር የተጋሩት በከንቱ አይደለም። ዛሬ ከ200 ሚሊዮን በላይ ፕሮቲኖች የተተነበየ ቅርጽ በነጻ ይገኛል። ነገር ግን አልፋፎልድ የሚነግረን የመጨረሻውን ቅርጽ እንጂ ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ አይደለም፤ ማን እርዳታ እንደሚያስፈልገውም አይለይም። በ2005 የሃርትል ቡድን በኢ. ኮላይ ውስጥ ያለ ግሮኢኤል መታጠፍ የማይችሉትን ፕሮቲኖች 85 ገደማ ብሎ ሲገምት፣ ብዙዎቹ ቲም በርሜል የሚባለው ቅርጽ እንዳላቸው ታየ። ታዲያ ምስጢሩ ቅርጹ ነው እንዳንል የሚያግድ ምሳሌ አለ። ዳፕኤ የተባለው የኢ. ኮላይ ኤንዛይም ግሮኢኤልን ይፈልጋል። ናንኤ የተባለው ዘመዱ የሚገኘው ደግሞ ዶሮን በሚያጠቃውና ጭራሹን ግሮኢኤል በሌለው ማይኮፕላዝማ ሲኖቪዬ በተባለ ባክቴሪያ ውስጥ ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ቅርጽ አላቸው፤ ናንኤ ግን ያለ አጋዥ በፍጥነት ይታጠፋል። በ2014 የታተመ ጥናት ዳፕኤ ብቻውን ሲሆን ብዙው ክፍል በአንድ ጊዜ ካልተገጣጠመ በስተቀር እንደማይታጠፍ፣ በግሮኢኤል ጓዳ ውስጥ ግን ክፍል በክፍል እየተገጣጠመ እንደሚሄድ አሳየ። መድረሻቸው አንድ፣ መንገዳቸው የተለያየ ነው ማለት ነው። የሁለቱን የመጨረሻ ቅርጽ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ የቱ እርዳታ እንደሚሻ መናገር አይቻልም።

ማሽንን በማስተማር ዘዴ ይህንንም መንገድ መተንበይ ይቻላል የሚሉ አሉ፤ አይቻልም አልልም። ችግሩ የሚያስተምሩበት ነገር ነው። አልፋፎልድ የተማረው የፕሮቲን ዳታ ባንክ ከተባለው የጋራ መዝገብ ነው፤ መዝገቡ በ1971 በሰባት ቅርጾች ጀምሮ፣ በግማሽ ምዕተ ዓመት የብዙ አገር ሊቃውንት ድካም ከ100,000 በላይ አድርሷል። ለመታጠፍ መንገድ የሚሆን እንዲህ ያለ መዝገብ የለም። ያሉት ስብስቦች አነስተኞች ናቸው፣ የያዟቸውም ፕሮቲኖች በአብዛኛው በሙከራ ቱቦ ውስጥ ያለ አጋዥ የሚታጠፉ ትናንሾች ናቸው። የሚያስፈልገው መዝገብ አንድ ፕሮቲን ከቻፐሮን ጋርና ያለ ቻፐሮን፣ በስንት ዲግሪ ሙቀት፣ በምን ያህል ክምችት፣ ስንት ኤቲፒ ፈጅቶ፣ በስንት ጊዜ እንደታጠፈ የሚይዝ፣ ሳይታጠፍ የቀረውንም ሙከራ እንደ ታጠፈው እኩል የሚመዘግብ መሆን አለበት፤ ያልተሳካ ሙከራን የሚያሳትም መጽሔት ማግኘት ቀላል ስላልሆነ፣ የኋለኛው ክፍል ከሁሉም የሚከብደው ይመስለኛል።

ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።